በናኹዳ ዑስማን ጀልባ አራት ቀን

ከተመለስኩ ወዲህ በሞላሌ ገበያ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማዶው ይታያል ወይ?» ይለኛል። እኛ ገደል አፋፍ ላይ የምንኖር ሰዎች ስለሆንን ማዶ የሌለው አገር አይገባንም። ወንዙ የቱንም ያህል ቢጠልቅ በወዲያኛው አፋፍ የሰው ቤት ጢስ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋትም ከብት ሲጮኽ ይሰማል። የምጽዋ ባሕር ግን ማዶ የለውም። «አይታይም» ስላቸው ግማሾቹ ያዝኑልኛል፣ ግማሾቹ ደግሞ «በደንብ አላየሽ ይሆናል» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ፣ ሰው ፊት ማውራትም ስለሚከብደኝ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል መጻፉን መረጥኩ።

የጉዞው ምክንያት ምጽላል ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስንማር አራት ዓመት በአንድ ክፍል አድረናል። ያደገችው ምጽዋ ነው። አባቷ በልጅነቷ ስለ ሞተ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም አቶ ሐጎስ ናቸው፤ ለባሕር ዳር መንደሮች የሚጠጣ ውኃና ዱቄት የምታመላልስ አንዲት የሞተር ጀልባ አለቻቸው። ትምህርታችንን ስንጨርስ እኔ ለማስተማር ወደ ሞላሌ መጣሁ፣ እሷ አሥመራ ሥራ ያዘች። «ለዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ነይና በጀልባችን ቀስ እያልን ባሕር ዳሩን እንዙር» ብላ ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቤ መምጣት እንደማልችል የሚገልጽ መልስ ጻፍኩ። መልሱን ይዞ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ግን ጠፋ። ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ሐሳቤ ተለወጠ።

እናቴ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብላ፣ ከገዛ በጎቿ ፀጉር ያሠራችውን አዲስ ባና ጠቅልላ ሰጠችኝ። የመንዝ ባና ምን ያህል እንደሚከብድና እንደሚሞቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «እማዬ፣ አገሩ እኮ ሞቃት ነው» አልኳት።

«ሌሊት የማይበርድ አገር የት አለ?» አለችና ክርክሩ በዚያው አለቀ።

መንገዱ

ሰኞ ማለዳ ከወንድሜ ጋር በበቅሎ ወጥተን ማክሰኞ ማታ ደብረ ሲና ደረስን። ረቡዕ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደሴ አደርኩ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ብቻዬን መሆኔን ሲያዩ የእኔን ክፍል ለነጋዴዎች ሰጥተው ከሴት ልጃቸው ጋር በጓዳ አስተኙኝ። ከፍያለሁና ክፍሌ ይሰጠኝ ለማለት አልደፈርኩም፤ ጠዋት ግን ነጋዴዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ትኋን ሲበላቸው ማደሩን ስሰማ አመሰገንኳቸው።

ከደሴ ስንነሳ የስንቄን አገልግል አልጋ ቤቱ ረሳሁት። አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ትዝ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሹፌሩን «ቆይልኝ» ማለት አፍሬ ዝም አልኩ። እስከ ቀትር ድረስ ሰው ሲበላ ወደ መስኮት እያየሁ ተጓዝኩ። ከአጠገቤ የተቀመጡ የወልድያ ሴት በመጨረሻ ክንዴን ይዘው፣ «ምነው ልጄ፣ የምን ጾም ነው ይሄ?» አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ቂጣቸውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡና እስክጨርስ ድረስ ተቆጡኝ። «አፍ የተሰጠሽ ለምን ሆነና! ዝም ብሎ መራብ ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩሽ?» አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ወልድያ ሲወርዱ የቀረውን ቂጣ ትተውልኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ዓርብ ማታ አሥመራ ገባሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመን ከምጽላል ጋር በባቡር ወደ ምጽዋ ወረድን። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው መንገዱን ሊገምተው ይችላል፤ ልዩነቱ ይሄኛው ቁልቁለት አያልቅም። ነጠላዬን ተከናንቤ ተሳፈርኩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅኩት፣ ስንደርስ ደግሞ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

አቶ ሐጎስና ባለቤታቸው ወይዘሮ ምልእተ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ገና ውኃ ሳልጠጣ ከእናቴ የተላከውን ባና አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ወይዘሮ ምልእተ እጃቸውን ባናው ውስጥ ከተቱና እሳት እንደ ነካ ሰው መለሱት።

«እናትሽ ይባረኩ» አሉ። «ግን ልጄ፣ እዚህ አገር ይህን ለብሶ የተኛ ሰው ጠዋት ተቀቅሎ ይገኛል።»

ሳቁ ሲበርድ አጥፈው ጥግ ላይ አኖሩት። «የሚለብሰው አንድ ሰው አለ» አሉ። «በምጽዋ የሚበርደው ናኹዳ ዑስማን ብቻ ነው።»

ናኹዳ ማለት በዚያ አገር የጀልባ አዛዥ ነው። በእራት ላይ ስለ እሳቸው የተነገረኝን እዚህ ማስቀመጥ አለብኝ፤ የቀረው ሁሉ በዚያ ላይ የቆመ ነውና። ናኹዳ ዑስማን ከአቶ ሐጎስ አባት ዘመን ጀምሮ ይህችኑ ጀልባ ሲነዱ ኖረዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ቤት የላቸውም፤ የሚያድሩትም ጀልባዋ ላይ ነው። ምጽላልን ሕፃን ሳለች ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደቡን ያዞሯት ነበር።

«ሰዎች ናኹዳው አርጅቷል፣ ተው ይሉኛል» አሉ አቶ ሐጎስ። «እኔ በዓይኔ እንዳላይ ጀልባዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ሆዴ ይገለበጣል።»

«የጀልባ ጌታ!» አሉ ወይዘሮ ምልእተ።

«ዝም በይ አንቺ። ከሳምንት በኋላ አንድ ጎልማሳ ናኹዳ ሊያነጋግረኝ ይመጣል። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ አራት ቀን አብራችሁ ትውላላችሁ። ሲነዱ አይታችሁ ንገሩኝ፤ በእናንተ ቃል እወስናለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምጽላል ስለምትወዳቸው ትሸፍንላቸዋለች። አንቺ ግን ዘመዳቸው አይደለሽም። የምጠይቀው አንቺን ነው።»

አንገቴን ደፍቼ «እሺ» አልኩ። ያን ቃል ባልተናገርኩ ብዬ የተመኘሁት ገና ሁለት ቀን ሳይሞላ ነው።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ወደ ጀልባዋ ወረድን። ውኃ የተሞሉ በርሜሎች፣ የዱቄት ጆንያዎችና ሁለታችን ተጫንን። ናኹዳ ዑስማን ቀጭን፣ አጭር፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ባናውን ስሰጣቸው ወዲያው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከመርከበኞች በለቀሙት አማርኛ፣ «የብርድ አገር ልጅ! እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አሉኝ። ፀሐይ እስክትከር ድረስ አላወለቁትም።

ከእሳቸው ሌላ ያለው ሠራተኛ ሳልሕ የሚባለው ሞተረኛ ነው። ከወለሉ በታች ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል፤ በአራት ቀን ውስጥ ባሕሩን ሲያይ ያየሁት ሻይ ሊያፈላ ብቅ ሲል ብቻ ነው።

በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው በቅሎዋ የት እንደምትረግጥ ያያል። ጀልባ ግን የምትረግጠው ነገር ስለሌለ ሰውነቴ የሚደገፍበት አጣ። የመጀመሪያውን ሰዓት ሁለት እጄን በርሜል ላይ አጣብቄ «በስመ አብ» ስል ቆየሁ። በኋላ ቀና ስል ምጽላል ከፊት እግሯን ወደ ውኃው አንጠልጥላ ብርቱካን ትልጣለች።

ናኹዳው ከኋላ መሪውን በክንዳቸው አቅፈው፣ «ምጽላል! ባሕሩ ምን ለብሷል?» ብለው ጮኹ።

«ጥቁር!» አለች።

«በጎ።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «አሁንስ?»

«አረንጓዴ ለበሰ!»

ጀልባዋን ወደ ግራ መለሷት። ይህ የልጅነት ጨዋታቸው መሆኑን ምጽላል ነገረችኝ። ውኃው ጥልቅ ሲሆን ይጠቁራል፣ ሥሩ አሸዋ ሲሆን አረንጓዴ ይሆናል፣ ድንጋይ ካለበት ቡኒ ይሆናል። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አብራቸው ትሄድ ነበርና እንዲህ እየጠየቁ አስተማሯት። «አንዳንዴ ሆን ብዬ እዋሻቸው ነበር» አለችኝ እየሳቀች። «ጥቁሩን አረንጓዴ ነው እላለሁ። ‘ዋሾ!’ ብለው ጆሮዬን ይቆነጥጡኛል፤ ለእሷ ቁንጥጫ ነበር የምዋሸው።»

ከሰዓት በኋላ ከአርቂቆ ወዲያ ባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ቆምን። ሴቶቹ እንስራና ጣሳ ይዘው ወደ ውኃው ገብተው ተቀበሉን። የምናመጣው የሚጠጣ ውኃ ነው፤ በዚያ ሁሉ ባሕር ዳር የሚጠጣ ውኃ የለም። ከየገደሉ ምንጭ ለሚፈልቅበት ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት ከማዶው ይብስ ይከብዳል። እኔ ባልዲ እየሞላሁ አቀበልኩ። አንዲት ሴት የመጀመሪያዋን ጣሳ ቀድታ እኔኑ መልሳ አጠጣችኝ።

ማክሰኞ

ማክሰኞ ስንፍና የተሞላበት ቀን ነበር፤ የወደድኩትም ቀን ነው። ድሴ ወደምትባለው ደሴት ቀስ እያልን ሄድን። ሳልሕ ሩዝ ቀቀለ፣ ምጽላል ዋኘች፣ እኔ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚት ነከርኩ። ዓሦች መጥተው ጣቴን ሲነኩት ጮኼ ሁሉንም አስደነገጥኳቸው። ናኹዳው በየጊዜው እጃቸውን እየዘረጉ ደሴቶቹን በስማቸው ይነግሩኛል፤ አንዱንም አልሳቱም። አባቴ ጓሳ ላይ ቆመው ከራቤል እስከ መርሐቤቴ ያለውን ተራራ እንዲሁ በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ነበር።

ቀትር አካባቢ አንዲት በሸራ የምትሄድ ጀልባ ድምፅ ሳታሰማ በአጠገባችን አለፈች። ሰዎቹ ለናኹዳው እጃቸውን አወዛወዙ። እሳቸው ፊታቸውን ወደዚያው እንዳደረጉ መሪውን ብቻ ይዘው ቀጠሉ። ሰዎቹ ስማቸውን ጠርተው ሲጮኹ ነው ፈገግ ብለው እጃቸውን ያነሱት።

ያን ጊዜ የሆነ ነገር አወቅኩ። አባቴ በየማለዳው ዳዊት ይደግማሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መዝሙሩን ግን በቃላቸው ስለሚያውቁት መጽሐፉን ዘርግተው፣ በየቦታው ቅጠሉን እየገለጡ ይደግሙታል። ያየ ሁሉ ያነባሉ ይላል። አንድ ቀን መጽሐፉ ተገልብጦ ጉልበታቸው ላይ አይቼ ኮቴዬን ሳላሰማ ተመልሻለሁ። (ይህን እንድጽፍ አስፈቅጃቸዋለሁ። «ከእንግዲህ ማን ይቀጣኛል» ብለው ሳቁ።) ናኹዳ ዑስማንም ደሴቶቹን የሚያነቧቸው እንደዚያ ነው። የማይንቀሳቀሰውን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። የውኃውን መልክ ግን በቃል ማወቅ አይቻልም፤ አሸዋ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ ይጠይቃሉ። ምጽላል ጨዋታ የሚመስላት ነገር ለእሳቸው ዓይን ነበር።

ለምጽላል ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ከነገርኳት ሽማግሌውን እንደማዋርዳቸው ተሰማኝ። ደግሞ ለአጎቷ የገባሁት ቃል አለ። ማንም ካልተናገረው ነገሩ የሌለ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ጨዋነት አልኩት።

ረቡዕ

ረቡዕ ማለዳ ከድሴ ተነስተን በስተደቡብ ወዳለች አንዲት መንደር አመራን። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ምጽላል ያን ቀን ልቧ ቀሎ ስትዘፍን ነበር የነጋው።

«ባሕሩ ምን ለብሷል?» አሉ ናኹዳው።

ውኃው አረንጓዴ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ። ምጽላል ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝና፣ «ጥቁር!» አለች። ከዚያ ጆሮዋን በእጇ ሸፍና ቁንጥጫውን መጠበቅ ጀመረች።

መናገር ነበረብኝ። «አይደለም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

«በጎ» አሉ ናኹዳው፣ ቀጥ ብለውም ነዱ።

ድምፁ እህል ከጎተራ ሲፈስ እንደሚሰማው ያለ ነው። ጀልባዋ ተንፏቀቀች፣ ዘመመች፣ ቆመች። እኔና አንድ ጆንያ አብረን ወደቅን። ሳልሕ ከሥር ወጥቶ ዙሪያውን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሞተሩን ወደ ኋላ ቢያስነሳው ጀልባዋ ይብስ አሸዋው ውስጥ ተቀበረች።

ናኹዳ ዑስማን መሪውን አልለቀቁም። «ምጽላል» አሉ ረጋ ብለው፣ «ምን ለብሶ ነበር?»

«አረንጓዴ» አለች። ልትስቅ እየፈለገች ነበር፣ ፊታቸውን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

«በጎ» አሉ። ከዚያም፣ «ድሮ ስትዋሺ አውቅ ነበር» አሉና ባናውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

ሁሉም የገባት ያን ጊዜ ነው። ከጀልባዋ ዘላ ወረደች፤ ውኃው እስከ ጉልበቷ ብቻ ነበር። ርቃ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ውስጥ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

«ለአጎቴ ሞተሩ ቆመ እንበለው» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

«ሞተሩ አልቆመም።»

«አስካለ፣ ጀልባዋ ቤታቸው ናት! ከዚህች ቢወርዱ የት ይተኛሉ?»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ ቀንስ? ሕፃን የያዘች ሴት ተሳፍራ፣ ድንጋይ ላይ ቢወጡስ?»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ከትናንት።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ አልቀልድም ነበር» አለች። የተናገረችው ያንን ብቻ ነው፤ ከወልድያዋ ሴት ቁጣ ይልቅ ይህ ገባኝ።

ባሕር ቀን ሳለ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል ብላችሁ አታምኑኝም፤ እኔም ባላይ አላምንም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ውኃው ጥሎን ሄደ። ጀልባዋ እንደ ታረደ በሬ ጎኗን አሸዋው ላይ ጥላ ተኛች። ሳልሕ ውኃው ማታ ስለሚመለስ መጠበቅ ብቻ ነው አለ። ከመንደሩ ሰዎች አይተውን በእግራቸው መጡ፤ ወንዶቹ ጀልባዋን የሚደግፍ እንጨት ተሸክመው፣ ሴቶቹ ምግብ ይዘው። ማንም «እንዴት ሆናችሁ እዚህ ወጣችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ጥላ አበጁልን።

ፋጥማ የሚባሉ ሴት ወተት አቀረቡልኝ። ረቡዕ ስለሆነ እንደምጾም ምጽላል በቋንቋቸው ነገረቻቸው፣ መልሳቸውንም ተረጎመችልኝ። «ሥጋም ቢሆን በእኛ ቢላዋ የታረደውን እንደማትበሉ አውቃለሁ» አሉ፤ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ትንሽ አሰቡና ድንጋይ ላይ የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ አመጡ። «ዓሣ ግን ማንም አያርደውም» አሉ፣ «የእኛም አይደለም፣ የእናንተም አይደለም። እግዜር ከባሕር ያወጣው ነው።»

ዓሣ በጾም ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚል አለ። በእኛ አገር ዓሣውም ስለሌለ ክርክሩ ገና አልተቆረጠም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቄ በላሁ። ፋጥማ አጠገቤ ተቀምጠው እሾሁን በጣታቸው ይለቅሙልኝ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ «እሾሁን አወጣሽው?» ብቻ አሉኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ውኃው ተመለሰ። ሃያ ያህል ሰው ትከሻውን ሰጥቶ ገፋልን፤ ጀልባዋ ተንሳፈፈች፣ በመንደሩ አደርን። ናኹዳው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲስቁ ሲጫወቱ ዋሉ። እህል ግን አልቀመሱም።

ሐሙስ

በመልሱ መንገድ ምጽላል ከፊት ተቀምጣ የውኃውን መልክ ሳትጠየቅ ትናገራለች። እኔ ከናኹዳው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ዝም ያልሽው» አሉኝ፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ። ያቺ የሸራ ጀልባ ስታልፍ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ስለ አባቴና ስለ ዳዊታቸው ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «ቅጠሉን በቦታው ይገልጣሉ?»

«በቦታው ይገልጣሉ።»

«ጥሩ ናኹዳ ይወጣቸው ነበር» አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን እንደ ጨረሱ፣ «ሐጎስ ይጠይቅሻል። የላከሽ እሱ እንደሆነ ሰኞ ነው ያወቅኩት» አሉ። ንገሪውም አትንገሪውም አላሉም።

ማታ ምጽዋ ገባን። ወይዘሮ ምልእተ እራት አቅርበው ናኹዳውንም አስቀሩ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከጥቂት ጉርሻ በኋላ አቶ ሐጎስ እጃቸውን አበሱ።

«እህ፣ የመንዝ ልጅ! አቦይ ዑስማን እንዴት ነዱ?»

ምጽላል ጎንበስ አለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስተማሪ ሲጠይቀኝ እንኳ የማውቀውን መልስ ሳልናገር የምቀመጥ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ረቡዕን አሰብኩ።

«ረቡዕ አሸዋ ላይ ወጥተን ነበር» አልኩ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። የውኃውን መልክ ሲጠይቁን ምጽላል በቀልድ ሌላ ነገረቻቸው። እኔ ደግሞ ቀልድ እንደማይገባ እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

«ለምን ይጠይቋችኋል? ዓይን የላቸውም?»

«የውኃውን መልክ አያዩም። መንገዱን ሁሉ ግን ያውቁታል። ትክክለኛውን ስንነግራቸው አንድም ቀን አልሳቱም።»

አቶ ሐጎስ ወደ በሩ ዞሩ። «አቦይ ዑስማን፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ማን ነበር የሚያይልዎ?»

«የተሳፈረው ሁሉ» አሉ ናኹዳው። «ዓሣ ነጋዴውን እጠይቃለሁ። ሙሽራዋን እጠይቃለሁ። ልጅ ያዘለችውን እጠይቃለሁ። እስከ ረቡዕ ድረስ የዋሸኝ ሰው አልነበረም።»

ምጽላል ተነስታ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ናኹዳው ጆሮዋን ያዙ፤ ቁንጥጫው ግን የሚያም ዓይነት አልነበረም መሰለኝ፣ ይብስ አለቀሰች። አቶ ሐጎስ ተነስተው ወጡ። እውነቱን መናገሬ ትክክል እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አንድን ሽማግሌ ከቤታቸው ማስወጣቴም እንዲሁ እርግጥ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ

ባቡሬ ረፋዱ ላይ ስለነበር በማለዳ ናኹዳውን ልሰናበት ወደ ወደቡ ወረድኩ። ወይዘሮ ምልእተ ለእናቴ የሚሆን አንድ ከረጢት ጨውና የደረቀ ዓሣ አሸክመውኛል። በዚያ ጉዞ የተቀበልኩትን ሁሉ ልመልስ ብል ዕድሜዬ አይበቃም፤ ቂጣውን፣ ጣሳውን ውኃ፣ የእሾሁን ለቀማ። ለወይዘሮ ምልእተ ይህን ለመናገር ሞክሬ ግማሹ ላይ ቀረብኝ። እሳቸው ግን ግንባሬን ሳሙኝ።

አቶ ሐጎስ ከእኔ ቀድመው ወደቡ ላይ ነበሩ፤ ከጀልባዋ አሥር እርምጃ ርቀው፣ ፊታቸውም ከወዲሁ ገርጥቶ። በጀልባዋ የፊት ጫፍ፣ ምጽላል በለመደችው ቦታ፣ ሙሳ የሚባሉ አንድ ግዙፍ ሰው ተቀምጠዋል። ድሮ ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ጠላቂ ነበሩ አሉኝ።

«ያ ጎልማሳ ናኹዳ እንዳይመጣ ልኬበታለሁ» አሉኝ አቶ ሐጎስ። «ሙሳ የውኃውን መልክ ያያል፣ መንገዱን ግን አያውቅም። አቦይ ዑስማን መንገዱን ያውቃሉ። ለሁለት አንድ ናኹዳ ይሆናሉ። ከዛሬ ጀምሮ ጀልባዋ አንዳቸውን ጥላ አትወጣም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከሰው እሰማው ነበር፤ እሳቸውን መጠየቅ አፍሬ ነው እናንተን የላክሁት» አሉ። እኔም እንደ እሳቸው ሰው መሆኔን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ጊዜ አልነበረም።

ናኹዳ ዑስማን ባናውን ለብሰው መሪውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ስሰናበታቸው፣ «ለአባትሽ ንገሪያቸው» አሉኝ፣ «መጽሐፉን የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጉ።» ሞተሩ ተነሳ፣ ጀልባዋ ከወደቡ ራቀች።

«ጥቁር!» ብለው ሙሳ ጮኹ፤ ድምፃቸው ወደቡን ሁሉ ሞላው።

«ደንቆሮ አይደለሁም!» አሉ ናኹዳው።

አቶ ሐጎስ ከአጠገቤ ሳቁ። ጀልባዋ እየራቀች ስትሄድ የሙሳ ድምፅ ደግሞ ተሰማ፤ «አረንጓዴ! በስተቀኝ አረንጓዴ!»

«አየሁት!» አሉ ናኹዳ ዑስማን፣ መሪውንም ወደ ግራ አዞሩ።